የወገብ ሕመምን ያለ ቀዶ ሕክምና ማከም፦ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ሦስተኛው ወር

ወገብ የሚያዘው ብዙውን ጊዜ በረባ ባልረባው ነው። ጫማ ለማሰር ጎንበስ ሲሉ፣ የወደቀ ሳሙና ሲያነሱ፣ አንዳንዴም ሲያስነጥሱ ብቻ። ከዚያ ምክር ይጎርፋል። አንዱ «ብርድ ነው፣ ተሸፍነህ ተኛ» ይላል፤ ሌላዋ «ኩላሊት እንዳይሆን ተመርመር» ትላለች፤ ጎረቤት ወጌሻ ይጠቁማል፤ ሳምንት ሲያልፍ ደግሞ «ዲስክህ ተንሸራቷል፣ ያለ ኦፕራሲዮን አይድንም» የሚል አይጠፋም። ሕመምተኛው ይህን ሁሉ ሰምቶ ፈራና አልጋ ላይ ሳይነቃነቅ ዋለ። ከቀረቡለት ምርጫዎች ሁሉ የከፋው ይኸኛው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። ከእነዚህ ከአሥሩ በዘጠኙ ገደማ ስብራት፣ ኢንፌክሽን ወይም ዕጢ አይገኝባቸውም። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው፤ ጡንቻ፣ ጅማት፣ መገጣጠሚያ ወይም ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ክፍል) ተቆጥቶ፣ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ደግሞ ለመከላከል ብሎ ጨምድዶ ይይዛል። አዲስ የጀመረ ሕመም በአብዛኛው በስድስት ሳምንት ውስጥ በጣም ይቀላል። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ምን እንደሚደረግና ምን እንደማይደረግ በቅደም ተከተል እንሂድበት።

መጀመሪያ አደገኛውን ለይቶ ማውጣት

ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በብልትና በመቀመጫ መካከል ያለው ቦታ (ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው) ከደነዘዘ፣ ወይም ሁለቱም እግሮች በአንድ ላይ ከዛሉ ይህን ጽሑፍ ይተዉትና አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። በአከርካሪው ታች ያለው የነርቭ ዘለላ ታፍኗል ማለት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ቀዶ ሕክምናው በሰዓታት ውስጥ የሚያስፈልግ እንጂ የሚሸሽ አይደለም። የእግር መዳፍን ወደ ላይ ማንሳት እያቃተ ከሄደም ሳይዘገዩ መታየት ነው።

ሌሎቹ ምልክቶች በሰዓታት ባይለኩም ችላ አይባሉም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ያለ ምክንያት መክሳት ከወገብ ሕመም ጋር ከመጡ በእኛ አገር መጀመሪያ የሚታሰበው የአከርካሪ ቲቢ ነው። ቲቢ ሳል ሳይኖርም አጥንት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ቀስ ብሎ እየበላ ጀርባን እስከማጉበጥ ይደርሳል። መድኃኒት አለው፤ በመንግሥት ጤና ተቋማትም በነጻ ይሰጣል። ሲታሽ ከርሞ ጎብጦ ወደ ሆስፒታል መድረስ ግን ያሳዝናል። ጥሬ ወተት የሚጠጣና ከከብት ጋር የሚውል ሰው ትኩሳትና የወገብ ሕመም ከተያያዙበት ከከብት ወደ ሰው ስለሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ ስለሚባል በሽታ ሐኪሙን ይጠይቅ። ካንሰር የነበረበት፣ ከከፍታ የወደቀ፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን አጥንት ሊያሳሳ የሚችል መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ፣ ወይም በዕድሜ ገፍቶ በቀላሉም ቢሆን የወደቀ ሰው በቤት ሕክምና አይጀምር።

ሕመሙ የት እንዳለ በጣትዎ ያሳዩ

ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በታች እስከ መቀመጫ ባለው ቦታ ብቻ ከቆየ ተራው የወገብ ሕመም ነው። ከመቀመጫ ተነስቶ በጭን ጀርባ አልፎ፣ ከጉልበት በታች እስከ ባት ወይም እስከ እግር ጣት ከነዘረ፣ ሲያስሉም ከባሰ፣ ነርቭ ተቆጥቷል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከወገብ የታችኞቹ ሁለት ዲስኮች አንዱ አብጦ ወይም ተተርትሮ ነርቩን መንካቱ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ፣ ትንሽ ሲራመዱ እግራቸው የሚከብድና የሚያቃጥል፣ ቁጭ ሲሉ ወይም ወደ ፊት ሲደገፉ ወዲያው የሚተዋቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ናቸው፤ የነርቮቹ መተላለፊያ ጠቧል። ይህን መለየት የሚጠቅመው ለአንዱ የሚበጀው እንቅስቃሴ ሌላውን ሊያብስበት ስለሚችል ነው።

ኩላሊትስ? የኩላሊት ሕመም ከፍ ብሎ ከጎድን አጥንት ሥር፣ በብዛት በአንድ ጎን ይሰማል። ቢገላበጡም ቢቀመጡም እምብዛም አይለወጥም፤ ሽንት ማቃጠል፣ ደም ወይም ትኩሳት ይከተለዋል። ጎንበስ ቀና ሲሉ የሚብስና የሚቀል ከሆነ ግን በአብዛኛው የወገብ ነው። ከተጠራጠሩ የሽንት ምርመራ ርካሽ ነው፤ ተመርምሮ መገላገል ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከሕመምተኞቹ ግማሾቹ ሁለት ቀን፣ የቀሩት ሰባት ቀን እንዲተኙ ተነገራቸው። ሁለት ቀን የተባሉት ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት ከሌሎቹ በ45 በመቶ ያነሱ ነበሩ፤ በሌላው ነገር ልዩነት አልታየም። እ.ኤ.አ. በ1995 ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ ሕመሙ የፈቀደውን ያህል የዕለት ተግባራቸውን የቀጠሉት ከተኙት ቀድመው አገገሙ። ከዚያ ወዲህ አልጋ መድኃኒት መሆኑ ቀርቷል። ሕመሙ ካጣደፈዎ ጋደም ይበሉ፤ ግን በየሰዓቱ ተነስተው ትንሽ ይንቀሳቀሱ።

ሲተኙ በጀርባዎ ሆነው ባትዎን ወንበር ላይ ያሳርፉ፤ ዳሌዎና ጉልበትዎ በቀኝ ማዕዘን ይታጠፉ። ለአሥር ደቂቃ እንዲህ መሆን የጨመደደውን ጡንቻ ያላላዋል። ሌሊት በጎንዎ ተኝተው በጉልበቶችዎ መካከል ትራስ ያድርጉ።

ከአልጋ አነሳሱን መማር ግድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጮኸው እዚያ ላይ ነውና። ቀጥ ብለው አይነሱ። መጀመሪያ ሁለቱንም ጉልበቶች ያጥፉ። ትከሻና ዳሌዎ እኩል እየዞሩ በጎንዎ ይሁኑ፤ ወገብ ብቻውን አይጠማዘዝ። እግሮችዎን ከአልጋው ጠርዝ አውርደው በዚያው ቅጽበት ከላይ ባለው እጅ መዳፍ ፍራሹን፣ ከታች ባለው ደግሞ በክርን ይግፉ። የእግሮቹ ክብደት ሲወርድ ደረትዎን ራሱ ያነሳዋል። ሲቀመጡ ትንፋሽዎን ይሰብስቡ፤ ከዚያ እጅዎን ጭንዎ ላይ ተደግፈው ይቁሙ።

ሙቅ ውኃ የያዘ ላስቲክ በፎጣ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማስያዝ ያስታግሳል። በቀን ደጋግመው ቢያደርጉት ችግር የለውም፤ ቆዳ እንዳይቃጠል ብቻ ይጠንቀቁ።

መድኃኒት ላይ አንድ ሁለት ነገር ልበል። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር በቀን ሦስት ጊዜ ለጥቂት ቀናት ለአብዛኛው ጤነኛ ጎልማሳ የሚሆን ነው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት፣ የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድና ለነፍሰ ጡር ግን ያለ ሐኪም አይሆንም። ዲክሎፌናክም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ሁለቱ አብረው አይወሰዱም። በየፋርማሲው «መርፌው ይሻላል» የሚባለው ነገር ያናድደኛል፤ በመርፌ መሰጠቱ ፈውስ አይጨምርለትም። ፓራሲታሞል እ.ኤ.አ. በ2014 አውስትራሊያ ውስጥ በትልቅ ጥናት ተፈትሾ ከማስመሰያ (መድኃኒት ከሌለበት) ክኒን በላይ ፈውሱን እንደማያፋጥን ታይቷል። ትራማዶልን የመሳሰሉ ጠንካራ ማስታገሻዎች ሱስ ያስይዛሉ፤ የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2023 እዚያው አውስትራሊያ ሲፈተሽም ለአዲስ የወገብ ሕመም ከማስመሰያው አልተሻለም። የጓደኛን ትራማዶል ተካፍሎ መዋጥ ይቅር።

ከዚያ መራመድ

በአራተኛው ቀን ገደማ፣ ከቻሉም ቀድመው፣ በሜዳማ መንገድ አምስት ደቂቃ ይራመዱ፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። በየሁለት ሦስት ቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩ። መድረሻው በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ነው። ዳገቱ በሚበዛበት ሰፈር የሚኖሩ ቁልቁለቱን ለኋላ ያቆዩት።

የሕመሙን ልክ ከዜሮ እስከ አሥር ይስጡት። ሲራመዱ እስከ አራት ቢደርስ ይቀጥሉ። ማግስቱን ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልኩ ትክክል ነበር፤ ካልተመለሰ በሚቀጥለው ቀን ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። መራመድ ተራ ነገር መስሎ ይናቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ከሕመሙ ያገገሙ 701 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በባለሙያ ምክር እየታገዙ በእግር የሄዱት ሕመሙ የተመለሰባቸው በመካከለኛ ግምት በ208 ቀን ሲሆን፣ ይህ እገዛ ያልተሰጣቸው ደግሞ በ112 ቀን ነው። በነጻ የሚገኝ መድኃኒት ይህን ያህል ከሠራ ሌላ ምን እንፈልጋለን?

ለእግር የሚወርድ ሕመም

እ.ኤ.አ. በ1956 ዌሊንግተን፣ ኒውዚላንድ ውስጥ ሮቢን ማኬንዚ የተባለ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ እግሩ ድረስ የሚነዝረው ሕመምተኛ መጣ። ባለሙያው ክፍሉ ገብቶ ጠብቀኝ አለው። የአልጋው ራስጌ ቀድሞ ለሌላ ሰው ከፍ ተደርጎ ነበርና ሕመምተኛው በሆዱ ተኝቶ፣ ወገቡ ወደ ኋላ ተቀልብሶ ቆየ። ማኬንዚ ተመልሶ ሲያየው ደነገጠ፤ ሰውየው ግን እግሩ እንደተወው ነገረው። እስከ ዛሬ በብዙ ክሊኒኮች የሚሠራበት ዘዴ መነሻው ይህ ነው።

ሲቀመጡና ጎንበስ ሲሉ የሚብስብዎት፣ ሲቆሙ የሚቀልዎት ከሆነ ይሞክሩት። ምንጣፍ ላይ በሆድዎ ተኝተው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆዩ። ከዚያ በክርኖችዎ ተደግፈው ደረትዎን ያንሱና ሌላ ሁለት ደቂቃ። ሕመሙ ካልባሰ መዳፎችዎን ከትከሻዎ በታች አድርገው በእጅዎ ብቻ ይግፉ፤ ዳሌዎ መሬት ላይ ይቅር፣ መቀመጫዎ ይላላ። አሥር ጊዜ ይበቃል፤ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይደግሙታል።

የሚያዩት ምልክት አንድ ነው፤ ሕመሙ ወዴት ሄደ? ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ መቀመጫ ከተሰበሰበ፣ ወገብ ላይ ለጊዜው ቢጨምር እንኳ ደግ ምልክት ነው። ወደ ታች ከወረደ ያቁሙ፤ ይህ የእርስዎ አይደለም።

መተላለፊያቸው ለጠበባቸው አረጋውያን ተቃራኒው ይሻላል። በጀርባ ተኝቶ ጉልበቶችን ወደ ደረት ማቅረብ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት መንጠልጠል። ከቦታው የማይንቀሳቀስ የስፖርት ብስክሌት ካለ ከእግር ጉዞ ይልቅ እሱ ይስማማቸዋል።

ወገብን የሚደግፉ ጡንቻዎች

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት፣ አጣዳፊው ሲበርድ፣ ሦስት እንቅስቃሴ ይበቃል። ካናዳዊው የአከርካሪ ተመራማሪ ስቱዋርት ማክጊል ያስፋፋቸው ናቸው፤ ወገቡን ሳያጣምሙ በዙሪያው ያለውን ጡንቻ ያሠራሉ።

የመጀመሪያው፦ በጀርባ ይተኙ፣ አንድ ጉልበት ይታጠፍ፣ ሌላው ይዘርጋ። ሁለቱን እጆች ከወገብ ሥር ያስገቡ፤ ወገቡ በእጆቹ ላይ ጠፍጥፎ መጫን የለበትም። ራስና ትከሻን አንድ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከመሬት ያንሱ። ብዙ ማንሳት ጀግንነት አይደለም።

ሁለተኛው፦ በጎን ተኝተው በክርን ይደገፉ፣ ጉልበቶች ይታጠፉ፣ ዳሌውን ከመሬት ያንሱ። ከትከሻ እስከ ጉልበት ቀጥ ያለ መስመር ይሁን። ሲጠነክሩ በእግር ጫፍ ያደርጉታል።

ሦስተኛው፦ በእጅና በጉልበት ይንበርከኩ። ቀኝ እጅና ግራ እግር በአንድነት ይዘርጉ፤ ከዚያ በተራ። ወገብዎ ላይ ውኃ የሞላ ሰሐን የተቀመጠ ያህል ይጠንቀቁ፤ ከተዛባ እግሩን ዝቅ ያድርጉት።

እያንዳንዱን አሥር ሰከንድ ይዘው ይልቀቁ፤ መጀመሪያ ስድስት ጊዜ፣ አርፈው አራት፣ አርፈው ሁለት። ትንፋሽ አይያዝ። ከጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓት በኋላ ይሥሩት፤ ሌሊት ዲስኮቹ ውኃ ስለሚመጥጡ ጠዋት አብጠው ይነሳሉ፣ ያኔ ጎንበስ ማለት ይከብዳቸዋል። ከእንቅልፍ ነቅቶ ወዲያው ሳፋ ላይ ማጎንበስ ብዙ ወገብ ያበላሸው ለዚህ ነው።

ቤትና ሥራ

የተሻለውን ወገብ መልሶ የሚጥለው ብዙውን ጊዜ የዕለት ሥራ ነው። 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በአንድ እጅ አንጠልጥሎ ጎን ከማጣመም በሁለት ባለ 10 ሊትር ከፍሎ በግራና በቀኝ መያዝ ይሻላል። ሲያነሱ ወደ ዕቃው ይጠጉ፣ መቀመጫዎን ወደ ኋላ ገፍተው ከዳሌ ይታጠፉ፣ ጀሪካኑን ከሆድዎ ጋር አስጠግተው በእግርዎ ኃይል ይቁሙ። ተሸክመው በወገብዎ አይዙሩ፤ እግርዎን ያዙሩ። ከዳሌ መታጠፉን ለመልመድ የመጥረጊያ እንጨት በጀርባዎ ርዝመት ይያዙ፤ ማጅራት፣ መሐል ጀርባና ዳሌ ላይ ሦስቱም ጋር ሳይለቅ ጎንበስ ካሉ ገብቶዎታል።

ልብስ የሚታጠብበት ሳፋ መሬት ላይ አይሁን፤ ጠረጴዛ ወይም በርጩማ ላይ ይውጣ። ምጣዱን በሆድ ከፍታ ማስቀመጥ ከተቻለ ግማሽ ሕክምና ነው። አጭር መጥረጊያ እጀታ ይጨመርለት። በአነስተኛ በርጩማ ላይ ቡና ማፍላት ጉልበትን ከዳሌ በላይ አድርጎ ወገብን ያጎብጣል፤ ለጥቂት ሳምንት ከፍ ያለ ወንበር ቢሆን ቡናው አይቆጣም። ባረብ አገር ቤት የሚሠሩ እህቶች ወለል መወልወያው አጭር ከሆነ እጀታውን አስረዝመው፣ ሥራውን በክፍል በክፍል ከፍለው በየመካከሉ ጀርባቸውን ቀና ያድርጉ።

በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ቀኑን ሙሉ መሪ ይዘው የሚውሉ ብዙ ናቸው። መቀመጫውን ወደ መሪው ያስጠጉ፣ በወገብ ጥምዝ ላይ የተጠቀለለ ፎጣ ያስገቡ፣ ቦርሳ ከኋላ ኪስ ይውጣ፣ በየሰዓቱ ወርደው ሁለት ደቂቃ ይራመዱ። በጾም ስግደት የሚያበዙ ምእመናን ለጊዜው እንዲቀንሱላቸው የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ በሶላት ላይም ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደ ነው። ረጅም ቅዳሴ ለሚቆም ሰው መቋሚያው አለለት፤ ክብደቱን ከእግር እግር ያቀያይር።

ወጌሻ፣ ቀበቶና ጠንካራ አልጋ

ቀስ ያለ መታሸት ለጊዜው ያሳርፋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከሌላው ሕክምና ጋር ተጨምሮ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። በጀርባ ላይ መቆም፣ ወገብን በድንገት መጠምዘዝ፣ አጥንቱ በሳሳ አዛውንት ላይ በኃይል መጫን ግን አይሞከር። የወገብ ቀበቶ ከባድ ሥራ ላይ ለአንድ ቀን ቢያገለግል እንጂ ተላምደውት መዋል አይበጅም። ድርጅቱም ለቆየ ሕመም ቀበቶንም በማሽን መጎተትንም አይመክርም። ጠንካራ አልጋ ላይ መተኛት ይበጃል የሚለውን እምነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ስፔን ውስጥ 313 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አሸንፎታል፤ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ከጠንካራው ተሽሏል።

ኤምአርአይ መቼ?

ኤምአርአይ (በማግኔት ኃይል የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ) አደጋ ምልክት ከሌለ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት አያስፈልግም። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ቢነሱ እንኳ ከ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንት 84 በመቶው ዲስካቸው ያበጠ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «የዲስክ ማበጥ» የሚል ሲጻፍ የሕመሙ ምክንያት ተገኘ ማለት ላይሆን ይችላል። በሺህ የሚቆጠር ብር ከፍሎ ቃሉን አንብቦ መደንገጥ ሰውን ያሽመደምደዋል፤ የፈራ ወገብ ደግሞ አይንቀሳቀስም።

ሦስት ወር ሲያልፍ

የተተረተረ ዲስክ በብዙ ሰዎች ላይ በጊዜ ብዛት በራሱ ይሟሽሻል፤ ሰውነት የወጣውን ክፍል ቀስ በቀስ ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ከባድ የእግር ነዘራ ያለባቸውን ሁለት ቡድን አድርጎ ነበር፤ አንዱ ቶሎ ተቀደደ፣ ሌላው እየታከመ ጠበቀ። ቶሎ የተቀደዱት ቀድመው ተሻላቸው፤ ዓመት ሲሞላ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶው አገግመዋል። ከጠበቁት 39 በመቶው በመጨረሻ ቀዶ ሕክምናውን አድርገዋል። እንግዲህ ቀዶ ሕክምና መሸነፍ አይደለም፤ ጊዜ የሚገዛ ምርጫ ነው።

ሕመሙ ሦስት ወር ካለፈ ፊዚዮቴራፒ ያለበት ሆስፒታል ይፈልጉ፤ ባለሙያው እንቅስቃሴውን አይቶ ያስተካክላል። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ሕመሙን እንደሚያባብሱ ይንገሩት፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ የሥነ ልቦና ድጋፍም ተካቷል። ከዚህ በኋላም እግር የሚነዝረው ሕመም ካልተወና ከቀዶ ሐኪም ጋር ከተገናኙ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ኤምአርአዩ ላይ የታየው ጎን ከሚያምዎት እግር ጋር ይገጥማል ወይ? ቀዶ ሕክምናው ለእግሩ ነው ወይስ ለወገቡ? ለእግር ነዘራ የሚሰጠው ውጤት ለወገብ ሕመም ብቻ ከሚሰጠው በጣም የተሻለ ነው፤ ለሁለተኛው ከሆነ ሌላ ሐኪምም ይመልከትዎት።